ሥጋ ያልነካው ድስት፦ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት አብረው የተራበ የሚያበሉበት አሠራር

ጎንደር ውስጥ የተራበ ማብላት አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲዞር እያየን ያደግን ነን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ደረሳውን ሲያበሉ፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ሲያወጡ እናውቃለን። የሚቸግረው ሁለቱን ደግነት አንድ ድስት ላይ ማገናኘት ነው። ብዙ ሰው ይመኘዋል፤ ከየት እንደሚጀምር ግን ይጨንቀዋል። ወይም በጥሩ ልብ ይጀምርና በሁለተኛው ወር በአንድ ማንኪያ ቅቤ ይበተናል። እኛም ጋ ለትንሽ ነው የተረፈው፤ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

እዚህ የምጽፈው በሳምንት ሁለት ቀን ለ100 ሰው ያህል ምሳ የሚያወጣ የሰፈር ድስት እንዴት እንደሚጣድ ነው። ቁጥሩን እንደ አቅማችሁ ቀንሱት ወይም ጨምሩት።

አንደኛ፦ ከድስቱ በፊት ሰው ፈልጉ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። ገንዘብ እንሰበስባለን፣ ዕቃ እንገዛለን፣ ከዚያ «ኑ አብረን እናብላ» ብለን እንጣራለን። እንዲህ አይሆንም። መጀመሪያ መገኘት ያለባቸው የእድር ዳኞች፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ቄሰ ገበዝ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ ከዚያ ደግሞ ለቅሶ ቤት ወጥ የሚሠሩት የሰፈር እናቶች ናቸው። እናቶቹን መጨረሻ ላይ የጠራኋቸው ስለሚያንሱ አይደለም። እነሱ እሺ ካላሉ ሌላው ሁሉ ቢስማማም ወጥ የለም።

ስትሄዱ ተቀላቅላችሁ ሂዱ። ወደ ኢማሙ ክርስቲያኑ ከሙስሊሙ ጋር፣ ወደ ቄሱም ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ጋር ይሂድ። ሚያዝያ 2014 በከተማችን በእምነት ስም ተነስቶ የሰው ሕይወት የጠፋበትን ግጭት የረሳ የለም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው የቀዘቀዘባቸው ደጆች አሉ። ስለዚህ ነገሩ በአዳራሽ ንግግር አይጀመርም። ቤት ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቀስ ተብሎ ነው። እኛ ሦስት ቡና ፈጅቶብናል፤ የመጀመሪያው ላይ ስለ ምግብ አንድም ቃል አልተነሳም፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ውሃው ፈረቃ፣ ስለ ሞተ ጎረቤት ነበር ያወራነው።

ስለ ወረቀት ብዙ አትጨነቁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም። አዲስ ድርጅት ለማቋቋም ከመሯሯጥ ሁለት ሦስት እድሮች ተሰብስበው ቃለ ጉባኤ ቢፈራረሙ ይቀላል። ቀበሌው ግን ይወቅ። ቀኑን፣ ቦታውንና የተጠሪዎቹን ስም የያዘ ደብዳቤ አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም ተቀበሉ። ወረፋ ላይ ሰው በዝቶ ፖሊስ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ሲመጣ የምታሳዩት እሱን ነው።

ቦታው የቤተ ክርስቲያንም የመስጊድም ግቢ ባይሆን ይመረጣል። እድር ቤት ይሁን። ጥላ፣ መቀመጫና ሰፋ ያለ ደጅ ያለው፣ ከአንዱ ወገን ሰፈር ብዙም ያልገባ። የከተማችን አዲስ ዓለም በጥንት ጊዜ ሙስሊሙ ተለይቶ እንዲሰፍርበት የተደረገ ሰፈር ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ ግድግዳ ተጋርተን ነው የምንኖረው፤ ቢሆንም አንዲት እናት ሳህን ይዛ የማትገባበት ደጅ አሁንም አለ። እሷን አስባችሁ ምረጡ።

ሁለተኛ፦ ድስቱ ሥጋ አይንካው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ድስቱ ሥጋ አይንካው፣ መቼም። ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አይግባበት።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ አገር ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። በዚያ ላይ ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ 55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ፤ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም። በየቀኑ «ዛሬ ምን ይፈቀዳል?» እያሉ ማስላት አድካሚ ነው። ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ከሠራችሁ ግን ሒሳቡ ያልቃል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ንፍሮ፤ ሁሉም ይበላዋል። ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታት ተራ ሲጠብቁ የኖሩት ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችንም ይበሉታል።

ስለዚህ የእድሩን ድስት አትዋሱ። ተዝካር ላይ ሥጋ ወጥ ተሠርቶበታል። ቢታጠብም የሰው ልብ አይታጠብም። ሁለት አዲስ ባለ 60 ሊትር ድስት፣ የራሱ ማማሰያ፣ የራሱ ጭልፋ ግዙ። እጀታቸው ላይ ቀለም ቀቡና ለሠርግም ለለቅሶም አይውጡ። የእድሩ ጸሐፊ ዘመድ ቢያገባም አይውጡ።

አሁን ስለ ቅቤው። ፍልሰታ ነበር። አንዲት ሙስሊም እናታችን ሽሮው ደረቅ ሆነባቸውና ለተራበ ሰው ይጣፍጥ ብለው ከቤታቸው አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጠብ አደረጉበት። ጾም መሆኑን ዘንግተውት ነው። ወረፋው መሀል ላይ አንድ አዛውንት ሽታው አፍንጫቸው ገባና ሳህናቸውን አስቀምጠው ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ከዚያ ሹክሹክታው ተነሳ። ወጡን ለሕፃናቱና ጾም ለሌለባቸው ሰጥተን፣ ለጿሚው በፍጥነት ድንች ቀቀልን። እናታችን ግን አልቅሰው ቤታቸው ገቡ፤ ከእንግዲህ እዚያ አልደርስም አሉ። የመለሷቸው በማግሥቱ ቤታቸው ድረስ ሄደው ቡና የጠጡት ቄስ ናቸው። «እርስዎ ያስገቡት ቅቤ ሳይሆን ፍቅር ነው፤ ነገ ይምጡ» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ያወጣነው ሕግ አጭር ነው። ድስቱ ከተጣደ በኋላ ከውጭ ምንም አይገባም፤ ጨው እንኳ ቢሆን። የገባውን ሁሉ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ክርስቲያን አንዷ ሙስሊም፣ ከድስቱ አጠገብ አይጠፉም።

ስጦታም ይፈትናችኋል። በግ ይዞ የሚመጣ ሰው ይኖራል። በደስታ ተቀበሉትና ከነነፍሱ ገበያ ወስዳችሁ ሽጡት፤ በገንዘቡ ምስር ግዙ፤ ለሰጪው ስትቀበሉት ይህንን ንገሩት። ከዝክር የተረፈ ጸበል ጻዲቅም ይመጣል። እሱ የሚበላበት ቦታ አለው፤ ወደ ጋራው ወረፋ አታምጡት። ጠላና አረቄ ደግሞ ከግቢው በር አይለፉ።

ሦስተኛ፦ የተራበው ማነው?

ለልመና የሚወጣውን ሁሉም ያየዋል። የሚከብደው በሩን ዘግቶ የሚራበው ነው። ጡረታው ከወር ግማሽ የማያደርስ አባት፣ ሥራ ያጣ የቀን ሠራተኛ፣ ልጆቿን አብልታ እሷ ውሃ ጠጥታ የምታድር እናት። በ2016 ጃናሞራና በየዳን ድርቅ ሲመታቸው ወደ ከተማ የወረዱም ነበሩ፤ ዘመድ ቤት ስለተጠጉ ከማንም መዝገብ ላይ የሉም።

ቤት ለቤት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ዙሩ፣ ከየእምነቱ አንድ አንድ ሰው። «ተርባችኋል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ ያለበት ሰው «ተመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላችኋል፣ እናንተም ወጥታችሁ ትሄዳላችሁ። ቁጭ በሉ። «ትናንት ማታ ምን ቀመሳችሁ?» በሉ። ጎረቤቱን ደግሞ «ከዚህ ቤት ጭስ የሚወጣው መቼ መቼ ነው?» ብላችሁ ለብቻው ጠይቁ።

መዝገቡ ላይ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ሕመም ካለ ሕመሙ ይጻፍ። ሃይማኖት የሚል መስመር ግን አይኑር። አንድ ጊዜ ከተጻፈ አንድ ቀን አንድ ሰው መቁጠሩ አይቀርም፤ ከቆጠረ ደግሞ «የእናንተ በዛ» ይመጣል።

አልጋ ላይ ላለ ሰው ምግቡ ቤቱ ይሂድለት። በምሳ ዕቃ፣ በሰፈር ልጅ እጅ። ሌላውም ቢሆን እዚያው ለመብላት ካፈረ የራሱን ዕቃ አምጥቶ ይዞ ይሂድ። ለምን ብላችሁ አትጠይቁት።

አራተኛ፦ እህሉና ገንዘቡ

እንጀራውን አትግዙ፣ አታስጋግሩም። ለ100 ሰው ሁለት ሁለት እንጀራ ቢደርስ 200 እንጀራ ነው። 40 ቤት እያንዳንዱ በሚጋግርበት ቀን 5 እንጀራ ከጨመረ ሞላ። እኛ ጋ ከአንድ ኪሎ ዱቄት ከ5 እስከ 6 እንጀራ ይወጣል፤ ስለዚህ ከአንድ ቤት የምትጠይቁት አንድ ኪሎ ዱቄት ብቻ ነው። ጤፍ ይሁን፣ ማሽላ ይደባለቅበት፣ ዳጉሳ ይግባበት፣ እንደ ቤቱ ነው። ገንዘብ መስጠት የማይችል ቤት ይህን ይችላል፤ የሰጠ ቤት ደግሞ ድስቱን የራሱ ያደርገዋል። ለ5 እንጀራ ብለው ጠዋት በር የሚያንኳኩ ልጆች መድቡ።

ለወጡ፣ ለ100 ሰው የምንጠቀምበት ልክ ይህ ነው፦
ምጥን ሽሮ 7 ኪሎ (ምስር ወይም ክክ ከሆነም 7 ኪሎ)
ሽንኩርት 8 ኪሎ
ዘይት 3 ሊትር
ነጭ ሽንኩርት 1 ኪሎ
ጨው ግማሽ ኪሎ ያህል፣ እየቀመሳችሁ
ለሽሮው ውሃ 35 ሊትር፣ ሲወፍር የሚጨመር 5 ሊትር ተጠባባቂ

ሽሮ በስጦታ ሲመጣ ጓያ እንዳለበት ጠይቁ። ከደንቢያ ወገን ጓያ በብዛት ይመጣል፣ ርካሽ ነው፣ ወጡም ይጣፍጣል። ነገር ግን ሌላ የሚበላው የሌለው ሰው በየቀኑ ከበላው እግሩን ያሽመደምደዋል፣ ያ ደግሞ አይድንም። የእኛ ተመጋቢ ሌላ የሚበላው የሌለው ሰው ነው። ስለዚህ ጓያ ያለበትን አንቀበልም። የሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒም እንዲሁ፤ ሻጋታው መርዝ አለው፣ ቢታጠብም ቢቆላም አይጠፋም።

እህል በጅምላ የምትገዙት ጥር ላይ ነው። አዝመራው ገብቶ ቅዳሜ ገበያ ሲሞላ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዋጋው ይወጣል፣ ረሃቡም የሚበረታው ያኔ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መድረቁን ፈትኑ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህሉን እስከ ሲሶው አድርጉ፣ ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ነቅንቁና ለ15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነውና ይሻግታል፤ አትግዙት። ለማቆየት ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ጥሩ ነው፤ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ታፍኖ ይሞታል። ከረጢቱን መሬት ላይ ሳይሆን ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩ።

ገንዘቡን ባንክ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ከፍታችሁ አስቀምጡት። ለክርስቲያኑ ምንም አያጎድልበትም፣ ሙስሊሙ ግን ያለ ሥጋት ያስገባል። ፈራሚ ሦስት ይሁን፣ አንድ ሰው ብቻውን አያውጣ። ስትለምኑም ቃላችሁን ለዩ። ሙስሊሙን ሰደቃ ጠይቁት እንጂ ዘካ አትጠይቁት። ዘካ ለ8 ዓይነት ሰዎች የተወሰነ የራሱ ደንብ ያለው ነው፣ ኢማሙ የሚሉበት ነገር አለ። ክርስቲያኑንም ምጽዋት በሉት፣ አሥራት አትበሉት፤ አሥራት የቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን ስንለይ ነው የሁለቱም ወገን አባቶች ፊታቸው የፈካው።

በየወሩ የገባውና የወጣው እድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ደረሰኙም አብሮ።

አምስተኛ፦ የማብሰያው ቀን

ውሃ ከዋዜማው ሮቶ ውስጥ ይሙላ። የጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ጠዋት ቧንቧ ከፍቶ ተስፋ ማድረግ አያዋጣም። መብራትንም አትመኑ፤ ደረቅ ባሕር ዛፍ ይዘጋጅ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሽንኩርት መክተፍ ይጀመራል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቁሌቱ ይጣዳል። ሽሮውን የፈላ ውሃ ላይ አትበትኑት፤ በትልቅ ድስት ከጓጎለ ማንም አያድነውም። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ ከዚያ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይንተክተክ። ያልበሰለ ሽሮ ባዶ ሆድ ላይ ይነፋል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል።

የሰው ተራ ስትመድቡ በዓላቱ ራሳቸው ያግዟችኋል። እሑድና ክርስቲያኑ ሥራ በማይነካባቸው በዓላት፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ ሙስሊም እናቶች ድስቱን ይይዛሉ። ዓርብ ጁምዓ፣ ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋ ሲሆን ክርስቲያኖቹ። ቤተ እስራኤል ካሉ ቅዳሜ አትመድቧቸው፣ እሳት አይነኩም። ጥር 11 ጥምቀት ላይ ከተማው በሙሉ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ የእኛ ድስት ጠዋት ተጥዶ ነበር፣ እኛ ክርስቲያኖቹ ግን ምንም አላበሰልንም፤ ሁሉንም የሠሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ለዒድ መለስንላቸው።

በ2017 ረመዳንና ዐቢይ ጾም አብረው ሲውሉ ሰዓቱን ቀየርነው። ድስቱ ከሰዓት በኋላ ተጥዶ 11 ሰዓት ላይ ይወጣ ነበር። የሚያስቀድሰው አዛውንት ቀኑን ሙሉ ጾሞ መጥቶ ይበላል፣ ሙስሊሙ በዕቃው ይዞ ቤቱ ያፈጥራል። ከሁሉም ወራት ያ ወር ቀለለን።

ስድስተኛ፦ ወረፋው

መጀመሪያ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የያዙ። ሌላው እንደ አመጣጡ። ጭልፋውን የያዘው ሰው አይቀያየር፣ ለሁሉም እኩል እንዲወጣ።

ጸሎቱን ሁሉም በልቡ ያድርግ። ምርቃት ግን የጋራ ነው። ከተቀመጡት አዛውንቶች አንዱ፣ የትኛውም ወገን ይሁኑ፣ «ከክፉ ቀን ይሰውራችሁ» ብለው ይመርቁ፣ «አሜን» የሚለውም «አሚን» የሚለውም አብሮ ይላል። ስብከት አይፈቀድም። በራሪ ወረቀትም፣ የፖለቲካ ወሬም። ምግብ ይዞ ለቆመ ሰው መስበክ ችግሩን መጠቀም ነው።

ፎቶ አይነሳም። ለጋሽ «ለፌስቡክ አንዲት ፎቶ» ሲል ድስቱን፣ እሳቱን፣ እንጀራውን ያንሳ። የሚበላ ሰው ፊት አይታይ። በዚህ ምክንያት ትልቅ ስጦታ ይዞ የመጣ ሰው ተቆጥቶ ሄዶብናል፤ አሁንም ቢመጣ መልሳችን ያው ነው።

ሰባተኛ፦ በወጥ የማይድን ረሃብ

ወረፋው ላይ ያሉ ሕፃናትን በደንብ እዩ። የሁለት እግሩ ጀርባ ያበጠ፣ በጣት ሲጫን ጉድጓድ የሚቀር ልጅ፣ ወይም እጅግ የከሳ፣ የማይጫወት፣ የማይበላ ልጅ ሽሮ አብልታችሁ የምትመልሱት አይደለም። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ክንድ የሚለካ ቴፕ አለ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ብርቱ የምግብ እጥረት ነው፣ እስከ 12.5 ድረስም ክትትል ይፈልጋል። የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በወር አንድ ቀን ጋብዙና ወረፋው ላይ ትለካ። እናትየዋን «ሂጂ» ብላችሁ ብቻ አትስደዱ። ሌሎች ልጆች ቤት ትታ ነው የመጣችው። አንድ ሰው ልጆቹን ይይዝ፣ አንድ ሰው አብሯት ይሂድ፣ የባጃጅ ከድስቱ ገንዘብ ይከፈል። ጤና ጣቢያ የሚሰጣት ፕላምፒ ነት የሚባለው የኦቾሎኒ ሕክምና ምግብ ለታመመው ልጅ ብቻ መሆኑን አስረዷት፤ ለሌሎቹ ልጆች እንዳታካፍል ደግሞ ለእነሱ ከድስቱ ጨምሩላት።

ወጡ ካለቀ በኋላ

የተረፈ ምግብ አይደር። ቆጥራችሁ ለቆሎ ተማሪዎችና ለደረሳዎች ላኩት፣ በልክ አካፍላችሁ። የበላውን ሰው ቁጥርና የቀረውን እህል ጸሐፊው እዚያው ይጻፍ፣ ነገ እጽፈዋለሁ አይባልም።

ድስቶቹ በአመድና በሙቅ ውሃ ይታጠቡ፣ በአፋቸው ተደፍተው እህሉ ካለበት ክፍል ይግቡ። የዚያ ክፍል በር ላይ ሁለት ቁልፍ ይንጠልጠል። የአንዱ መክፈቻ ክርስቲያኑ ዘንድ፣ የሌላው ሙስሊሙ ዘንድ ይደር። እኛ ጋ ይህን ያሰቡት ያቺ ቅቤ የጨመሩት እናት ናቸው፤ ሁለተኛው መክፈቻም ዛሬ ድረስ በእሳቸው መቀነት ጫፍ ተቋጥሮ ነው ያለው።